የተጎዳ ተጫዋች ውል ይታደስ?

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር «አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል» የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ እጫወታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ፣ ማርኩስ ሃይንሶን የተባለ ጀርመናዊ የፈጠረው ጨዋታ ነው። ጨዋታው ውስጥ ዱላ ይዞ ኳስ መምታት የለም፤ ሥራችን ክለብ ማስተዳደር ነው። የክለቡ ባለቤት በመደበልን በጀት ተጫዋች እናስፈርማለን፣ እንለዋወጣለን፣ ውል እናድሳለን።

ሰሞኑን ሊጋችንን ያከራከረው የእኔ ቡድን አንደኛ ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ ነው። ዕድሜው 29 ነው። የክርኑ ጅማት ተበጥሶ አንድ ዓመት ያህል ከሜዳ ይርቃል፤ ውሉ በዚህ የውድድር ዘመን መጨረሻ ያልቃል፤ እሱ ግን ተጨማሪ ስድስት ዓመት ይፈልጋል። አንዱ ጓደኛዬ «ያለቀለት ነው፣ ልቀቀው» ይለኛል። ሌላው «ዋንጫ ያነሳህበትን ልጅ ሲወድቅ ትጥለዋለህ?» ብሎ ይቆጣል። በሁለቱም አልስማማም።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የተጎዳው የትኛው አካል ነው የሚለው ነው። የክርን ጅማት የሚጠገንበት መንገድ ከታወቀ ቆይቷል። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 ቶሚ ጆን ለተባለ የዶጀርስ ወርዋሪ ከሌላ እጁ በወሰዱት ጅማት የተበጠሰውን ተኩለት። ቶሚ ጆን በ1976 ተመለሰና እስከ 1989 ተጫወተ፤ በሕይወቱ ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጡ ናቸው። ሕክምናው ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል።

ትከሻና አንገት አካባቢ ያለው ጉዳት ግን ሌላ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሰዎች በስቲቨን ስትራስበርግ አይተነዋል። በ2019 የከተማዋ ክለብ ናሽናልስ የዓለም ዋንጫቸውን፣ ወርልድ ሲሪስን፣ ሲያነሱ የፍጻሜው ኮከብ እሱ ነበር። በዚያው ታኅሣሥ ገደማ የሰባት ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከዚያ በኋላ የወረወረው በስምንት ጨዋታዎች ብቻ ነው። በአንገትጌ አጥንትና በመጀመሪያው ጎድን መካከል የሚያልፉት ነርቮች ተጫኑበት፤ ጎድኑ በቀዶ ሕክምና ወጣለት፤ ክንዱ ግን አልተመለሰም። በ2024 ጡረታ ወጣ። በቤዝቦል የተፈረመ ውል ዋስትና ስላለው ባይጫወትም ደመወዙ ይከፈላል።

ልብ በሉ፤ ስትራስበርግ ሲፈርም ጤነኛ ነበር። በዚያ ዓመት 209 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ወርውሯል። ክለቡን ያስከፈለው የዓመቱ ብዛት ነው። በአንጻሩ ወርዋሪም መቺም የሆነው ሾሄይ ኦታኒ ከዶጀርስ ጋር የአሥር ዓመት የ700 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመው ክርኑን በታከመ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። በ2024 አንዲት ኳስ እንኳ እንደማይወረውር እያወቁ አስፈረሙት፤ የመቺነቱ ጉልበት ስላልተነካ 54 ሆም ራን መታ፣ 59 ቤዝ ሰረቀ።

በክሊኒክ የምቀበላቸው ሰዎች፣ ብዙዎቹ የታክሲ ሾፌሮችና ዕቃ ጫኞች፣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «መቼ ሥራ እመለሳለሁ?» ነው። ቀኑን መናገር ብዙም አይከብድም። የሚከብደው ሲመለሱ ስንት ኪሎ ማንሳት እንደሚችሉ፣ ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አድርገው ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ መናገር ነው። ሕመሙ የጠፋለት ሰው ሁሉ ጉልበቱ ተመልሷል ማለት አይደለም፤ ቤተሰቡ ግን የሚያቅደው በቀኑ ነው። ይህን ጨዋታ የምወደው ልዩነቱን ስለሚያውቅ ነው። የሐኪሙ ሪፖርት የሚነግረን ወራቱን ነው። ተጫዋቹ ሲመለስ የውርወራው ደረጃ ወርዶ ሊገኝ ይችላል፤ ለጉዳት ምን ያህል ተጋላጭ እንደሆነም ለብቻው ተመዝግቧል፤ የመልማዮቻችን ግምትም ሊስት ይችላል። የሊጋችን ሰዎች ግን ወራቱን ብቻ እያዩ ይከራከራሉ።

ስለ ውለታ የተነሳው ነገር እኔንም ይነካኛል። ልጁ የሰጠንን ዋንጫ አልረሳም። ሆኖም ለዚያ ዋንጫ ደመወዙን ወስዷል፤ አዲሱ ውል የሚገዛው ከ30 እስከ 35 ዓመት ዕድሜው ያለውን ክንድ ነው። በቀሪው በጀት የሚኖሩት ወጣቶችም ተጫዋቾቼ ናቸው፤ ለአንዱ በስሜት የምከፍለው ከእነሱ ላይ ይቀነሳል።

በመልቀቅና በስድስት ዓመት ውል መካከል ያለ መንገድ እውነተኛው ቤዝቦል ውስጥም አለ። ሚኔሶታ ትዊንስ በ2017 መጨረሻ ከክርን ቀዶ ሕክምና እያገገመ የነበረውን ማይክል ፒኔዳን ለሁለት ዓመት በ10 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት፤ ለሕክምናው ዓመት 2 ሚሊዮን፣ ለሚጫወትበት ዓመት 8 ሚሊዮን። በ2019 ተመልሶ 11 ጨዋታ አሸነፈ። ተጫዋቹ ሲታመም ደመወዝ አላጣም፤ ክለቡም አልታሰረም።

ስለዚህ ለወርዋሪዬ የማቀርብለት ሁለት ዓመት ነው፤ አንደኛው ዝቅ ባለ ደመወዝ፣ ሁለተኛው ከፍ ባለ፣ ሦስተኛው ዓመት በክለቡ ምርጫ። ጉዳቱ ትከሻው ላይ ቢሆን ኖሮ ይህንንም አላቀርብለትም ነበር። በስድስት ዓመቱ ከጸና ግን ገበያ ይውጣ፤ ሌላ ክለብ ይክፈለው።