ፓራውልቱን ዘይት ማጠጣት ይብቃ

ግልጽ ደብዳቤ፦ በደብረ ብርሃን፣ አንኮበርና አሊዩ አምባ መስመር ሚኒባስ ለምታጥቡና ለምታሳምሩ ወንድሞች፣ ለምታሠሯቸውም ባለንብረቶች



በገበያ ዋዜማ የምትሠሩትን ሥራ ሁላችንም እናየዋለን። መኪናው ይታጠባል፣ ምንጣፉ ይራገፋል፤ ከዚያ አንዱ ልጅ በተቆረጠ ሃይላንድ የተቃጠለ ዘይት ይዞ ይመጣል። ናፍጣ ጠብ ያደርግበትና በጨርቅ እየነከረ ፓራውልቱን፣ ስፖኪዮውን፣ የበሩን እጀታ፣ የበሩን ጎማ ሳይቀር ይወለውለዋል። ዐመድ መስሎ የነበረው ፕላስቲክ ከሰል ይሆናል። ባለንብረቱ ደስ ይለዋል። በማግስቱ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን አቅፈው ሲሳፈሩ ነጠላቸው በሩን ይታከክና ጥቁር ይዞ ይወጣል። ረዳቱ «እማማ፣ ሲታጠብ ይለቃል» ይላቸዋል። አይለቅም።

የምቃወመው ይህን አሠራር ነው። መኪና ማሳመሩ አይደለም ቅሬታዬ፤ ያረጀውን ሸፍኖ «ታደሰ» ማለቱ ነው።

ፕላስቲኩ ለምን እንደነጣ ብናውቅ ዘይቱ ለምን እንደማያድነው ይገባናል። የሚኒባስ ጥቁር ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ዓይነት ነው። ጥቁረቱ ከላይ የተቀባ አይደለም፤ ሲሠራ አብሮ የተቦካ የካርቦን ዱቄት ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ላዩን እያደቀቀ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ያወጣበታል፤ ብርሃን እዚያ ላይ ሲበተን ፕላስቲኩ ነጥቶ ይታያል። ጨረሩ ደግሞ ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚያ ውርጭ ላይ ያደረ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ አሊዩ አምባ ቆላ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። የዚህ መስመር ፕላስቲክ ቶሎ ቢያረጅ አይገርምም።

ዘይቱ ስንጥቆቹን ስለሚሞላ ጥቁሩ ለጊዜው ይመለሳል። ውሃም ይህንኑ ያደርጋል፤ እርጥብ ሳለ ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ይነጣል። የዘይቱ ልዩነት ዘግይቶ መልቀቁ ብቻ ነው፤ አልሸሹም ዞር አሉ።

መዘዙ ግን ብዙ ነው። የቅባት ፕላስቲክ የቁልቁለቱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። የበርና የመስኮት ዙሪያ ጎማ ዘይት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ውሎ አድሮ በሩ አልገጥም ይላል፣ ዝናብና አቧራ ያስገባል። የተቃጠለ ዘይት ሞተር ውስጥ ሲሠራ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ያጠራቅማል፤ ልጆቻችን ግን ያለ ጓንት ክንዳቸው ድረስ ይነከሩበታል። ታጥቦ የሚወርደው ዘይት ደግሞ ላይ ደብረ ብርሃን በበሬሳ ወንዝ፣ ታች አሊዩ አምባ ወደ አዋሽ በሚወርዱ ጅረቶች ይሄዳል። ከብት የሚጠጣው፣ መስኖ የሚጠለፈው ከዚያው ነው።

«እንግዲያው ጥቁር ቀለም እንንፋበት» የሚሉም አሉ። ዘይት በጠጣ ፕላስቲክ ላይ ቀለም መንፋት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ንጹሕ ቢሆን እንኳ ፖሊፕሮፒሊን ያለ ፕላስቲክ ፕራይመር ቀለም አይዝም፤ ሌሊት በብርድ እየተኮማተረ ቀን በሙቀት ሲለጠጥ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይነሳል። በእሳት የሚያሞቁትም ላዩን አቅልጠው ለጥቂት ጊዜ ያጠቁሩታል እንጂ ጨረሩን አይከለክሉለትም፤ እጅ ከዘገየ ደግሞ ፓራውልቱ ይጣመማል።

ደኅናው መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ምሥጢር የለውም። መኪናውን ጥላ ውስጥ አስገቡ። ፕላስቲኩን በሳሙናና በብሩሽ ፈትጉ፤ አረፋው ጥቁር መሆኑን እስኪተው ድገሙት፤ የከረመ ዘይት ነውና አንድ ጊዜ አይበቃውም። በደንብ ሲደርቅ በአልኮል በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ ለውጭ ፕላስቲክ የተዘጋጀውን፣ ደርቆ የሚቀረውን ማደሻ በስሱ ቀቡ፤ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩት። የሚያብለጨልጨውና የማይደርቀው የጎማ ቅባት ግን ያው የዘይት ዘመድ ነው። ቀለም ካስፈለገም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ ፕላስቲክ ፕራይመር ቀቡት፣ በላዩ የማያብለጨልጭ ጥቁር ንፉበት። የተሰነጠቀውን ግን ምንም ቅባት አይጠግነውም፤ ይጠገን ወይም ይለወጥ።

አሁን ወደ ባለንብረቶች ልዙር። ልጆቹን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። በግማሽ ሰዓት ጨርሱ የምትሏቸው እናንተ ናችሁ፤ የምትከፍሉት ለዕለቱ ብልጭታ ስለሆነ የምታገኙትም እሱኑ ነው። በ2012 ዓ.ም. ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ከተጣለ ወዲህ አሮጌ ሚኒባስ እንደ ዋዛ የሚለወጥ ዕቃ አይደለም። ያላችሁን ማቆየት ካለባችሁ የበሩን ጎማ በገዛ ገንዘባችሁ ማበላሸቱ ምን ይባላል?

ስትሸጡትም አይጠቅማችሁም። አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የመጣ ሲራራ ነጋዴ ሸክሙን የሚያራግፍባት ገበያ ነበረች፤ በእጁ ሳይዳስስ የሚገዛ ሰው እዚህ አታገኙም። ፓራውልቱ ላይ ጣቱን አሳልፎ ጥቁር ሲያገኝ ሞተሩንም ይጠረጥራል።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። የላቫጆ ወንድሞች፦ የተቃጠለውን ዘይት በበርሜል አጠራቅሙ እንጂ መኪና አትቀቡት፤ ለእጃችሁም ጓንት አድርጉ። ባለንብረቶች፦ ለግማሽ ቀን ሥራ የግማሽ ቀን ዋጋ ክፈሉ። ሁለታችሁም፦ ፕላስቲኩ ከነጣና ለማደስ አቅሙ ከሌለ፣ ንጹሕ ሆኖ ነጭ ይሁን። የነጣ ፓራውልት የማንንም ነጠላ አያቆሽሽም።

ከአክብሮት ጋር፣
የመስመሩ ተሳፋሪ