በያይነቱ ውዝዋዜ

ለእንግዶች ክብር በተደረገ አንድ የእራት ግብዣ ላይ ተቀምጬ ነበር። ማዕዱ ገና ሳይነሣ ተወዛዋዦች ወደ መድረኩ ወጡ። አስቀድሞ የጎንደር እስክስታ ታየ፤ አራት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ልብስ ተለውጦ የጉራጌው መጣ፤ እርሱም ወዲያው ወርዶ የወላይታው፥ ቀጥሎ የትግራዩ፥ ቀጥሎም የኦሮሞው ተተካ። ልጆቹ ጎበዞች ነበሩ፤ ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ድረስ ሠሩ። አጠገቤ የተቀመጠው የውጭ አገር እንግዳ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፥ «ይህን የደረሰው ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ኩራት ተሰማኝና «ሕዝቡ ነው» አልሁት። «ጭፈራውንስ ሕዝቡ ይፍጠረው፤ ዛሬ ማታ እነዚህን ስምንት ልጆች እንዲህ አሰልፎ፥ እንዲህ አዙሮ፥ እዚህ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆማቸው ሰው ግን ማን ይባላል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት አንሥቼ አገላበጥሁ። የቀረበው ወጥ ሁሉ በየስሙ ተዘርዝሮአል። የአንድም ተወዛዋዥ ስም አልተጻፈም።

ሽሮና ምስር በስማቸው በሚጠሩበት ማዕድ ላይ ሰው ያለ ስም መቅረቱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ይህን የመሰለውን ትርዒት እኔ «በያይነቱ ውዝዋዜ» እለዋለሁ። ከየአገሩ ጥቂት ጥቂት ተቆንጥሮ በአንድ ትሪ ይቀርባል፤ ተመልካቹም ከሁሉ ቀምሶ ከአንዱም ሳይጠግብ ይነሣል። በያይነቱ መሆኑ በራሱ አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው ትሪው ከዓመት እስከ ዓመት ያው መሆኑ፥ ወጥ ሠሪውም ከጓዳ እንዳይወጣ መደረጉ ነው።

በውጭው ዓለም ያሉ የባሌት ማኅበሮችም የራሳቸው በያይነቱ አላቸው። ምሽቱን ሙሉ አንድ ረጅም ታሪክ ከመጫወት ይልቅ ሦስት ወይም አራት አጫጭር ሥራዎችን አከታትለው የሚያሳዩበት ጊዜ አለ። አንደኛው ሥራ ሐዘንን ያሳይ ይሆናል፤ ሁለተኛው ምንም ታሪክ ሳይኖረው ሙዚቃውን ብቻ ይከተላል፤ ሦስተኛው ሣቅ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ሥራ ፈረንጆች «ኮሬዎግራፍ» የሚሉት ደራሲ አለው፤ እኛም የውዝዋዜ ደራሲ ብንለው የሚከፋ አይመስለኝም። ተመልካቹ የታተመውን ወረቀት ሲገልጥ የደራሲውን፥ ሙዚቃውን የሠራውን፥ የተጫዋቾቹንም ስም ያነብባል፤ ሥራው መጀመሪያ የታየበትን ዓመት ያገኛል፤ ወደ ቤቱ ሲሄድም ከባልንጀራው ጋር የትኛው እንደሚበልጥ እየተከራከረ ይሄዳል። በእኛ በያይነቱ ግን የሚፈራረቀው ልብስ ነው፤ ክርክርም የለም፤ ጭብጨባ ብቻ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው። ኢትዮጵያዊ ተወዛዋዥ የሌላውን እንቅስቃሴ ከመድገም አልፎ ደራሲ ይሁን፤ ደራሲነቱም በስሙ ይታወቅለት።

ይህን ሐሳብ በሹመት ላይ ላሉ አንድ ወዳጄ ባካፍላቸው፥ «ወንድሜ፥ ይህ የባሌት ወሬ ለፈረንጅ ይሁን፤ የእኛ ባህል ከጥንት የመጣ ስለሆነ ደራሲ አያስፈልገውም» አሉኝ። እርሳቸውን የምወድና የማከብር ብሆንም ነገራቸውን ግን ልቀበለው አልቻልሁም። ከጥንት የመጣውን ሀብታችንን ከሁሉ ይልቅ ጠብቃ ያቆየችልን ቤተ ክርስቲያን ናት። ዝማሜን ከዘፈን ጋር ለማደባለቅ አልደፍርም፤ ቦታቸው ለየቅል ነው። ነገር ግን የአቋቋም ሊቃውንት ላይ ቤትና ታች ቤት ብለው የትምህርቱን ወገን ይለያሉ፤ «ተክሌ» የሚባለውን ስልት ደግሞ በአንድ ሊቅ ስም ይጠሩታል። መቋሚያው የሚነሣበትን፥ ጸናጽሉ የሚወርድበትን፥ እግር የሚመላለስበትን ሥርዓት ያስተማረ ሰው ስሙ ከሥራው ጋር እየተጠራ ይኖራል ማለት ነው። ጥንታዊቱ ቤተ ክርስቲያን የእንቅስቃሴን ሊቅ በስሙ ስትጠራ፥ ዘመናዊው መድረካችን ስሙን መደበቁን ምን እንበለው?

ደግሞም «ከጥንት የመጣ» ማለት የማይለወጥ ማለት አይደለም። የሚጠራጠር ቢኖር በየዓመቱ ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ ወጥቶ ይመልከት። ከፊት ካህናቱ ይዘምማሉ፤ ከኋላና ከግራ ከቀኝ ወጣቱ በየክቡ ሆኖ ይጨፍራል። ከአንዱ ክብ የሸዋ ሆታ ይሰማል፤ ከሌላው የጉራጌ፤ ከሌላው የኦሮሞ። እዚያ ስም የተጻፈበት ወረቀት አይፈለግም፤ ግጥም አውራጁን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋልና። ግጥሙም አምና የተባለው ብቻ አይደለም፤ የዘንድሮውን ኑሮ፥ የዘንድሮውን ኩርፊያና ተስፋ የሚነካ አዲስ ግጥም ይወረድበታል፤ ትከሻውም ግጥሙን ተከትሎ ይለወጣል። ሕዝቡ በአደባባይ በየዓመቱ ሲፈጥር፥ በሕዝቡ ስም የሚሠራው መድረክ የአንድ ዘመኑን ቅጂ ይዞ ቆሞአል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የገጠሩን ጭፈራ በመብራት ፊት ሲያቆሙ፥ ያ ራሱ በጊዜው አዲስ ነገር ነበር። እነዚያን አባቶችና እናቶች የምናከብራቸው እነርሱ የደፈሩትን ያህል በመድፈር እንጂ ያቆሙበት ላይ በመቆም አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ከውጭ የመጣ ስልት ባህላችንን ይበርዛል» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠኝ የእንጦጦ ተራራ ነው። ዛሬ እንጦጦን ያለ ባሕር ዛፍ በዐይነ ልቡናው ሊያይ የሚችል ማን ነው? ዛፉ ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። ማገዶ ሆነ፤ ማገርና ወጋግራ ሆነ፤ አዲስ አበባም በእርሱ ሥር ቆመች። እውነቱን ለመናገር ጉዳትም አለው፤ ውኃ ይመጣል፥ በሥሩ ሌላ ተክል አያበቅልም እየተባለ ይወቀሳል። ስለዚህ ዛሬ በተራራው ላይ ጽዱና ወይራው፥ ኮሶውም እንደገና ይተከላል። የውዝዋዜም ነገር እንዲሁ ነው። የባሌትና የዘመናዊ ዳንስ ትምህርት አካልን ያጠነክራል፤ ጉልበትና ወገብ ሳይጎዱ ለረጅም ዘመን እንዲያገለግሉ ያደርጋል፤ መድረክን በአራት ማዕዘኑ መጠቀም ያስተምራል። ነገር ግን ብቻውን ከተተከለ የአገሩን ቡቃያ ያደርቃል። አብረን እንትከላቸው እንጂ የመጣውን ሁሉ አንንቀል።

በዚህ አንጻር ለወጣቶቻችንም የምለው አለኝ። ከውጭ አገር ፊልም የተቀዳ እንቅስቃሴ በወለሉ ላይ እየተንከባለሉ ማሳየት ድርሰት አይደለም፤ ያም ቅጂ ነው፤ ያውም የሰው ቅጂ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለውን ዳገት የወጣ ሰው ያውቃል፤ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሴቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ከተራራው ሲወርዱ ኖረዋል። ወገባቸው ታጥፎ፥ ገመዱ ደረታቸውን አስሮ፥ እግራቸው ግን በዚያ ቁልቁለት ላይ አንድም ጊዜ ሳይስት ይወርዱ ነበር። እስክስታ የምንኮራበት ትከሻ ያ ሁሉ ሸክም የተሸከመው ትከሻ ነው። ሸክሙ ከትከሻ ወርዶ ትከሻው እንዴት እንደገና ለደስታ እንደሚነሣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የሚያሳይ ወጣት ደራሲ ቢነሣ፥ በዓለም መድረክ ሁሉ ሳያፍር ሊቆም ይችላል። ይህን ደግሞ ከማንም ሊቀዳው አይችልም።

«ልጆቻችን ይህን አይችሉም» የሚል ቢኖር፥ ችለው አሳይተዋል ብዬ እመልሳለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ሮይስተን ማልዱም የተባለው እንግሊዛዊ የዳንስ ሰው በአዲስ አበባ ከመቶ የሚበልጡ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ «ካርሚና ቡራና» የተባለውን ሥራ አሳየ። ከዚያም አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ። ከአዱኛ የወጣው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 እ.ኤ.አ. ከታወቀው የጃፓን የዳንስ ደራሲ ከሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ በዓለም አቀፍ ውድድር ተመረጠ። እርሱና ጓደኛው አዲሱ ደምሴ ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ማኅበር አቋቋሙ፤ አካል ጉዳተኞችንም ከሌሎቹ ጋር በአንድ መድረክ አሠለፉ። አንባቢ ሆይ! የእነዚህን ሰዎች ስም ከዛሬ በፊት ሰምተህ ነበርን? ካልሰማህ ጥፋቱ የአንተ አይደለም፤ የእግር ኳስ ተጫዋችን ስም ሌትና ቀን የምንጠራውን ያህል የውዝዋዜ ደራሲን ስም የሚጠራ ስለሌለ ነው።

«ሕዝቡ አይወደውም» የሚሉም አሉ። በግንቦት 29 ቀን 1913 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኒዢንስኪ በስትራቪንስኪ ሙዚቃ ላይ የደረሰው «የጸደይ በዓል» ሲታይ ተመልካቹ ተሣሣቀ፥ ጮኸ፥ ተሰዳደበ። ዛሬ ያው ሙዚቃ ከዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው። ጀርመናዊቱ ፒና ባውሽ በዚሁ ሙዚቃ ላይ የደረሰችውን ውዝዋዜ ደግሞ በቅርቡ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የተሰበሰቡ ከሠላሳ የሚበልጡ ተወዛዋዦች በሴኔጋል በዠርሜን አኮኚ ትምህርት ቤት ተለማምደው በዓለም አሳዩት። ሴኔጋል ወደዚህ የደረሰችው በድንገት አይደለም። ባለቅኔው ፕሬዚዳንት ሴንጎር በ1977 እ.ኤ.አ. በዳካር «ሙድራ አፍሪክ» የተባለውን የዳንስ ትምህርት ቤት ሲያስከፍቱ፥ አገራቸው ከእኛ የበለጠ ሀብት ነበራት አይባልም። ውዝዋዜ የመንግሥት ጉዳይ መሆኑን ስላመኑበት ነው።

በእኛ አገር ግን ተወዛዋዥ የሚኖረው በግንባሩ ላይ በሚለጠፍ ብር ነው። መላኩ በላይ በካሳንችስ በነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት በዚህ ዓይነት ሽልማት ሲጨፍር ኖሮ፥ በኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ የሙዚቃ፥ የሥዕልና የውዝዋዜ ማእከል አደረገው። ፈረንሳይ በክብር ኒሻን አከበረችው። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ሲነሣ ግን ቤቱም አብሮ ፈረሰ። ከተማ መታደሱን የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላም። ግን መንገድ ሲሠራ ለውኃ ቧንቧ መተላለፊያ አስቀድሞ ይታሰብ የለምን? ለጥበብ መቀመጫም አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል። የተወዛዋዥ እውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በሰውነቱ ውስጥ ነው ያለው። እርሱ መድረክ አጥቶ ወደ ሌላ እንጀራ ሲሄድ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። የሀንጋሪ ሊቃውንት በ1965 እ.ኤ.አ. እዚህ ድረስ መጥተው ጭፈራዎቻችንን በፊልም የቀረጹት ይህን ስላወቁ ነበር፤ የእኛ ግን ገና ነው።

ነቅፎ ብቻ ዝም ማለት ለጸሐፊ አይገባውምና የምለምነውን ልናገር። መጀመሪያ፥ በመንግሥት መድረክም ሆነ በግብዣ ላይ የሚታይ ውዝዋዜ ሁሉ የደራሲው፥ የአቀናባሪውና የተጫዋቾቹ ስም ይጻፍበት፤ ይህ ከወረቀትና ከቀለም በቀር ወጪ የለውም። ሁለተኛ፥ ብሔራዊ ቴአትር በዓመት አንድ ምሽት ለአራት አዲስ ሥራዎች፥ ለአራት የታወቁ ስሞች ይስጥ፤ ቢወደቅም ይወደቅ፥ በሚቀጥለው ዓመት ይነሡ። ሦስተኛ፥ ሥራዎቹ በፊልም ተቀርጸው ይቀመጡ። አራተኛ፥ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «ክወናና ዕይታ ጥበባት» የተባለ ትምህርት ለልጆቻችን ይሰጣል፤ ውዝዋዜውን የሚያስተምር መምህር ግን ከወዴት ይመጣል? የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ እዚያው በየካ ነው፤ መምህራንን የማሠልጠን ልምዱም የቆየ ነው። በዚያ ጥሩ ወለል ያለው አንድ አዳራሽ ቢዘጋጅ፥ ከአዱኛ ዘመን የቀሩት ሊቃውንትና የቴአትር ቤቶቻችን ነባር ተወዛዋዦች የሚያስተምሩበት ቦታ አገኙ ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም ለብስክሌትና ለፈረስ ስፍራ እንደ ሰጠ፥ ከዛፎቹ መካከል ለውዝዋዜ አንድ የሣንቃ ወለል ቢሰጥ በቅንነት የሚከለክለው አይኖርም።

ያ እንግዳ አንድ ቀን ተመልሶ ይመጣ ይሆናል። በእንጦጦ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከልዩ ልዩ ደራሲዎች የወጡ አራት ሥራዎችን አይቶ፥ «የሦስተኛው ደራሲ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቀኝ። ያን ጊዜ ወረቀቱን አላገላብጥም። ስሟን ነግሬ፥ «እነሆ፥ መጣች፤ ራሷን ጠይቃት» ልለው እፈልጋለሁ።