ዳኛው ማን ነው? ሥርዓተ ትዕይንት በካሜራ ፊት

ባህላዊ ትዕይንትን በምስል የሚቀርጹ ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘኑት ለተቀረጹት ሰዎች ባሳዩት አክብሮት ነው። መመዘኛው ተገቢ ቢሆንም በቂ አይደለም። ከእርሱ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ካሜራው ከገባ በኋላ በትዕይንቱ ላይ የመፍረድ ሥልጣን በማን እጅ ቀረ?

የኒውዮርክ «ቦልሩም» ባህል ለዚህ ጉልህ ማሳያ ነው። ባህሉን በሐርለም ያሳደጉት በጾታዊ ማንነታቸው ከቤተሰብና ከኅብረተሰብ የተገፉ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ናቸው። «ቤት» በሚሉት ማኅበር ይሰባሰባሉ፤ መሪያቸውንም «እናት» ወይም «አባት» ብለው ይጠራሉ። በውድድሩ ምሽት ወንዱ እንደ ሴት፣ ድኻው እንደ ባለጸጋ ለብሶ ያልፋል፤ የሚፈርዱትም የዚያው ባህል ሰዎች ናቸው። ጄኒ ሊቪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1990 ለእይታ ያበቃችው «ፓሪስ ኢዝ በርኒንግ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ይህን ዓለም ለሰፊው ተመልካች አስተዋወቀ። ፊልሙ ገቢ ሲያስገኝ ግን ከተቀረጹት አንዳንዶቹ የድርሻ ጥያቄ አነሡ፤ በመጨረሻም 55,000 ዶላር ያህል በፊልሙ በታዩበት ጊዜ ልክ ለ13 ሰዎች ተከፋፈለ። ሐያሲዋ ቤል ሁክስ በበኩሏ የጥቁሮች ሥርዓት ለነጭ ተመልካች መዝናኛ ሆኗል ስትል ፊልሙን ተቸች።

ጎንደር ይህን ጥያቄ የምታውቀው ከዚያ አስቀድማ ነው። ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን አባል ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር ወራት ተቀምጦ፣ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት፣ የዛር መሪ የነበሩትን የወይዘሮ መልካም አያሁን ቤት አጥንቷል። በዚያ ቤት አንዲት ሴት እንደያዛት ዛር ጠባይ አንዴ የጦር አለቃ ሌላ ጊዜ ገረድ ሆና ትታይ ነበር። ለመሥዋዕት እንስሳት ገንዘብ በመስጠቱ ሌሪስ የትዕይንቱ ተመልካች ብቻ ሳይሆን ደጋሽም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፉም ሰዎች የሚኖሩትን ቴአትር ከሚጫወቱት ቴአትር ለይቶ ተንትኗል።

ሁለቱ ባህሎች አንድ አይደሉም፤ አንዱ ውድድርና ጌጥ ሲሆን ሌላው እምነትና ፈውስ ነው። ሁለቱም ግን የራሳቸው ዳኛ አላቸው። በቦልሩም ነጥብ ሰጪው፣ በዛር ቤት የመንፈሱን ማንነት የሚለየው መሪ፣ ትዕይንቱን ከውስጥ ይመዝናሉ። ካሜራው አለባበሱንና ውዝዋዜውን ይዞ ሲወጣ ዳኛውን እዚያው ይተወዋል፤ ፍርዱም ሥርዓቱን ለማያውቅ ተመልካች ይተላለፋል። ሰዎች የሚኖሩት ቴአትር የሚጫወቱት ቴአትር የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2021 የታየው «ፖዝ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ የባህሉን ሰዎች በትወና፣ በጽሑፍና በዝግጅት ማሳተፉ ጉድለቱ ሊታረም እንደሚችል አሳይቷል።

ዛሬ ካሜራ በየተማሪው ኪስ ውስጥ አለ። ከጎንደር እስከ ፀዳ የሚቀረጽ ሠርግ፣ የአዝማሪ ጨዋታ ወይም የዛር ሥርዓት በአንድ ምሽት ከባለቤቶቹ እጅ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የመመረቂያ ጥናት ከመቅረቡ በፊት ቅጂው ለተቀረጹት ሰዎች ሊታይ፣ ተቃውሟቸውም ከጥናቱ ጋር አብሮ ሊመዘገብ ይገባል። በስሙና በዝናው የሚያድር አዝማሪ ስሙ እንዲጠራለት ይሻል፤ በጎረቤትና በቤተ ክርስቲያን የምትነቀፍ ባለዛር ግን ፊቷ እንዲሸፈን ልትፈልግ ትችላለች። ለሁለቱም አንድ ዓይነት የፈቃድ ቅጽ ማስፈረም ፍትሐዊ አይሆንም።

ይህ የተመራማሪውን ነጻነት ይጋፋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ትንታኔው የተመራማሪው መሆኑ አያከራክርም። የተቀረጸው ነገር በእርግጥ የሆነው መሆኑን የመመስከር መብት ግን የባለቤቶቹ ነው፤ ያ ምስክርነት የጎደለው ጥናት የሚያጣው ጨዋነትን ብቻ ሳይሆን ማስረጃንም ነው።