እባብን ከማሳ ማጥፋት አይጥን በጎተራ ማደለብ ነው

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በቦሌ ለሚ፣ በቦሌ አራብሳና በአያት አቅጣጫ በቀሩት ማሳዎች የኅዳር አጨዳ ሲደርስ አንድ ዓይነት ነገር ይደጋገማል። አጫጁ ነዶ ሲያነሣ እባብ ይወጣል። ጩኸት ይነሣል፤ ዱላና ድንጋይ የያዘ ሁሉ ይሰበሰባል፤ እባቡም ተቀጥቅጦ መንገድ ዳር ይጣላል። መርዘኛ መሆን አለመሆኑን፣ ምን በልቶ እንደሚኖርም የሚጠይቅ የለም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፣ አንዱን እፉኝት የፈራ በምድር የሚሳበውን ሁሉ እፉኝት ያደርገዋል።

ይህ ልማድ ላይ ላዩን ሲታይ ጥንቃቄ ይመስላል። በጥሞና ለመረመረው ግን ገበሬውን ሁለት ጊዜ የሚጎዳ ነው፤ አንድም በእህሉ፣ አንድም በሕይወቱ።

በመጀመሪያ የእህሉ ጉዳይ ይታይ። ዋልካው መሬት በበጋ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ለሜዳ አይጥ መጠለያ ይሆናል። በኢትዮጵያ የእህል ማሳዎች ከሚገኙት የአይጥ ዓይነቶች መካከል በአንድ ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ግልገል የምትወልድ አለች። አይጥ በማሳ ሰብሉን ይቆርጣል፣ በክምር ውስጥ ይራባል፣ በመጨረሻም ወደ ጎተራ ይገባል። ድመት በማትገባበት ጉድጓድ ዘልቆ አይጡን ከነግልገሉ የሚበላው እባብ ነው። እባቡ ሲጠፋ በምትኩ የሚገዛው መርዝ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ዚንክ ፎስፋይድን የመሰለው መርዝ ደግሞ ዶሮውንም ውሻውንም ይገድላል። በደጋው ቀንድ አውጣ እየለቀመ የሚኖር፣ ለአትክልት አምራች የሚጠቅም ትንሽ እባብም አለ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በስተቀር በሌላ አገር የማይገኙ የእባብ ዝርያዎች መኖራቸውም መታወቅ አለበት።

እርግጥ ነው፣ የገበሬው ፍርሃት ከንቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ጋር መዝግቦታል። በድርጅቱ ግምት በዓለም በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእባብ ይነደፋሉ፤ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆኑት ይሞታሉ። ብዙዎቹም በእርሻ ሥራ የሚውሉ የገጠር ሰዎችና ልጆች ናቸው። ስለዚህ እናት ልጇን ከእፉኝት ጋር በአንድ ግቢ ታሳድግ የሚል ምክር ሊሰጥ አይገባም።

ይሁን እንጂ አደጋው በዱላ አይወገድም። እፉኝት ሰው ሲመጣ ከመሸሽ ይልቅ መልኩን ከአፈሩና ከሣሩ ጋር አመሳስሎ ባለበት ይተኛል፤ የሚነድፈውም በአብዛኛው ሲረገጥ ነው። ሊገድለው ወይም ሊይዘው የተጠጋም ይነደፋል። ግልገሎቹ የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ የሚባለውም ተረት ነው፤ እንደ ሌሎች ብዙ እንስሳት በወግ ይወልዳል። መፍትሔው ጫማ አድርጎ መሄድ፣ ነዶን በእጅ ከማንሣት በፊት በእንጨት መነካካት፣ ማታ መብራት መያዝ፣ የድንጋይና የኩበት ክምርን ከቤት ማራቅ፣ እህልን ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አዳዲስ መንደሮች ማሳውን ከበው በሚሠሩበት በዚህ አካባቢ ቆሻሻው ሳይነሣ ሲከማች አይጡ ይመጣል፤ እባቡም አይጡን ተከትሎ ይመጣል። እባብ ሲታይ ልጆችንና ውሾችን አርቆ መንገዱን መልቀቅ ይበቃል።

ሰው ከተነደፈም ቁስሉን መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ያባብሳል። ቀለበትና አምባር ይውለቅ፤ የተነደፈው እጅ ወይም እግር ሳይንቀሳቀስ ይቆይ፤ ሰውየውም በእግሩ ሳይሄድ በቃሬዛ ወይም በተሽከርካሪ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የእባብ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት የሚገኘው በየትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አስቀድሞ ጠይቆ ማወቅ የማኅበሩ አመራር ድርሻ ነው። ሰው ከተነደፈ በኋላ የሚጀመር ጥየቃ የሚያባክነው ሰዓት ሕይወት ያስከፍላል።

ስለ ኤሊም መነገር ያለበት ጉዳይ አለ። ኤሊ ማንንም አይነድፍም፤ በዚህ የዋህነቱ ግን ይጎዳል። በስምጥ ሸለቆ ቆላ የሚኖረው፣ ጀርባው ነጠብጣብ የሆነው ትልቁ ኤሊ እድገቱ አዝጋሚ በመሆኑ ለመራባት ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። ከመንገድ ዳር የተነሣ አንድ ኤሊ ለከተማ ግቢ ማጌጫ ወይም ለልጆች መጫወቻ ሲሆን ሊተካ የሚችለው ትውልድም አብሮት ይቀራል። ገለባ ሲቃጠል እሳቱን ማምለጥ የማይችለውም እርሱ ነው። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝንም ሆነ መነገድን ይከለክላል። በግቢው ኤሊ ያገኘ ሰው ከየት እንደመጣ ሳያውቅ በዘፈቀደ ወንዝ ዳር ከመልቀቅ ይልቅ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ቢያሳውቅ ይሻላል።

የገበሬ ማኅበራት ሕዝቡን አስተባብረው እርከን ሠርተዋል፣ ችግኝ ተክለዋል። ይህኛው ሥራ ዶማ እንኳ አይጠይቅም። ከአጨዳ በፊት በሚደረግ አንድ ስብሰባ አባላቱ ቢነጋገሩበት፣ መምህሩና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ለልጆች ቢያስረዱ፣ የሚነደፈውም ሰው ይቀንሳል፤ ጎተራውም ከአይጥ ይተርፋል። ዱላውን ማንሣት ቀላል ነው፤ የማኅበር መሪ ብልህነት የሚታየው ግን ዱላው ከመነሣቱ በፊት ነው።