የሕግ ጥግ፦ ሁለቱ ሽማግሌዎችና የእኛ ሕግ

ባለፈው ወር እዚሁ ሬንተን እንጀራ ልገዛ ሱቅ ገብቼ ሳለ አንዲት እህታችን ጠጋ ብላ «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ግን ሰው እንዳይሰማ» አለችኝ። አረጋውያን የምትንከባከብበት አደልት ፋሚሊ ሆም አላት። ሁለት አዛውንት ወንዶች ክፍል ፈልገው ደውለውላታል። ወንድማማቾች መስለዋት ነበር፤ ለካ ተጋብተው የሚኖሩ ናቸው። «እኔ ሃይማኖቴን አጥባቂ ነኝ። እምቢ ብላቸው ምን ይመጣብኛል?»

መልሴ አጭር ነበር፦ «በዚህ ምክንያት እምቢ ማለት አትችይም።» ቤቷ ከስቴቱ ፈቃድ አውጥታ ለሕዝብ የከፈተችው የሥራ ቦታ ነው። የዋሽንግተን ስቴት ሕግ በሥራ ቅጥር፣ በቤት ኪራይ፣ በብድርና በደንበኛ መስተንግዶ ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ ወይም በመጣበት አገር መለየትን ይከለክላል። ከ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ደግሞ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው ብሎ መለየትም ክልክል ነው።

ነገሩ ለብዙዎቻችን እንግዳ መሆኑን አውቃለሁ። አገር ቤት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል ያደርገዋል። ከዚያ መጥተን እዚህ የተገላቢጦሹን ስናገኝ ግራ ቢገባን አይገርምም። ግን ይህም ሕግ ከሰማይ አልወረደም። እንዴት እንደመጣ ማወቅ ለኛም ይጠቅመናል።

የስቴቱ የፀረ አድልዎ ሕግ የወጣው በ1949 ነው። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ይጨምር የሚለው ረቂቅ በ1970ዎቹ ቀርቦ ወደቀ። ደግሞ ቀረበ፣ ደግሞ ወደቀ። በ1987 የምክር ቤት አባል የሆነው ካል አንደርሰን፣ ቬትናም የዘመተ ወታደርና የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነቱን ሳይደብቅ እዚያ የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው፣ ረቂቁን ደጋግሞ ይዞ ቀረበ። በ1995 ሲሞት ገና አልጸደቀም ነበር። ሲያትል ካፒቶል ሂል ልጆቻችሁን የምታጫውቱበት መናፈሻ የተሰየመው በሱ ስም ነው። በ2005 ሴኔቱ ውስጥ በአንድ ድምፅ ወደቀ። በዓመቱ አንድ ሴናተር፣ ቢል ፊንክባይነር፣ ሐሳቡን ለወጠና 25 ለ23 አለፈ። ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጀ ማለት ነው!

ከዚያ በ2007 የጥንዶች መመዝገቢያ ተከፈተ። የታመመን አጋር ሆስፒታል ገብቶ መጠየቅ፣ ስለ ሕክምናው መወሰን፣ ሳይናዘዝ ቢሞት መውረስ የተቻለው ያኔ ነው። በ2012 ጋብቻው በሕዝብ ድምፅ ጸደቀ። ያው ሕግ ግን ቄስም ሆነ ሼክ ከእምነቱ ውጭ አጋባ ተብሎ እንደማይገደድ በግልጽ ጽፏል።

እህታችን ይህን ሰምታ ጥቂት ዝም አለች። ቀጥላ «አዲስ በመጣን ጊዜ አፓርታማ ልንከራይ ደውለን ‹ክፍት ነው› አሉን። ሄደን ፊታችንን ሲያዩ ‹ተይዟል› አሉ። ባሌ መኪና ውስጥ አለቀሰ» አለችኝ። እንግዲህ ያን ቀን ሊጠብቃችሁ የሚገባው ሕግና እነዚያን ሽማግሌዎች የሚጠብቀው ሕግ አንድ ነው። አንዱን ስም ከውስጡ እንፋቅ ካልን የኛንም ስም ለመፋቅ መንገድ እየጠረግን ነው።

ሐሳባችሁን ለውጡ አላልኩም። እሱ የናንተና የፈጣሪያችሁ ጉዳይ ነው። የምለው፣ በዕድሜ የደከመን ሰው በር ላይ መመለስ የኛ ባህል አይደለም። ልጆቻችሁም ትምህርት ቤት ከሁሉም ዓይነት ልጅ ጋር ይማራሉ። ምናልባት ከመሀላቸው አንዱ ይህን ነገር በልቡ ይዞ እናንተ ማዕድ ላይ የምትናገሩትን እየሰማ ይሆናል። ያ ልጅ ስድብ ከሰማ ችግር ሲገጥመው ወደናንተ አይመጣም።

እናስታውስ፦

አድልዎ የደረሰበት ሰው ለስቴቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በነፃ ማመልከት ይችላል። ለሥራ ጉዳይ ስድስት ወር፣ ለቤት ጉዳይ አንድ ዓመት ነው ጊዜው፤ አታሳልፉት።

ኦሎምፒያ ያለው ምክር ቤት በየጥር ወር ይከፈታል። እያንዳንዳችን አንድ ሴናተርና ሁለት ተወካዮች አሉን። በ1-800-562-6000 ደውሎ ሐሳብ መስጠት ይቻላል። ዜግነት የሚጠየቀው ድምፅ ለመስጠት ነው እንጂ ለመናገር አይደለም። እነዚያ ሰዎች ሠላሳ ዓመት ከተመላለሱ እኛ ስለ ኪራዩና ስለ ደመወዛችን አንዴ ብንሄድ ምን አለበት?

እህታችን ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነበር። ክፍሉን አሳይታቸዋለች። «አንደኛው ዓይኑ ደክሟል፤ ሌላኛው እጁን ይዞ ነው የሚያስኬደው። የጠየቁኝ መታጠቢያ ቤቱ መያዣ ብረት አለው ወይ ብለው ብቻ ነው» አለችኝ።

በሚቀጥለው ወር ስለ ኪራይ ውል እንጫወታለን። ደህና ሰንብቱ።