ለሽማግሌና ለሕፃን አንድነት የሚሆን የቀለምና የወረቀት ጨዋታ

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ጊዜ መጻፋችን የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ምናልባት አንዳንዱ ሰው «ይህስ የሕፃናት ነገር ነው፤ ለሹመኛ ሰው ምን ይረባዋል» ብሎ ሊያልፈው የሚችለውን ጉዳይ ለመጻፍ ተነሥተናል። ይኸውም ወረቀት በመቀስ መቍረጥ፤ ቀለም መቀባት፤ ቅጠልና ክር ማተም፤ የወጣውንም ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ እያጣበቁ ማኖር ነው።

እኔን ጸሐፊውን ወደዚህ ጨዋታ ያገባኝ ምክንያት ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ያህል በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስኖር አለቆቼ የሚያመሰግኑልኝ አንድ ነገር የእጄ ጽሕፈት ነበር። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ባንክ ቤት ፊርማዬ ከቀድሞው ጋራ አልተመሳሰለም ብሎ ሁለት ጊዜ መለሰኝ። ሐኪሙ ሊደረግ የሚገባውን አድርጓል፤ ስለዚህ በማንም አላማርርም። ነገር ግን ለወዳጅ ደብዳቤ መጻፍ ተውሁ፤ ብዕሬንም ከማኅደሩ ጋራ በመሳቢያ ቈለፍሁበት። የአሥር ዓመት ልጅ የሆነችው የልጅ ልጄ በየቅዳሜው መቀስዋንና ቀለሟን ይዛ መምጣት የጀመረች በዚያው ወራት ነው። «አባባ፤ እርስዎ ይህን ወረቀት ብቻ ይያዙልኝ» አለችኝ። ያዝሁላት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ።

በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ ስቴንስል የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ሰም በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ የጽሕፈት መኪናው ፊደል ሲመታበት ለቀለም ማለፊያ የሚሆን መንገድ ይከፈታል፤ ከዚያም በማባዣ መኪና ላይ ተጠምጥሞ ብዙ ቅጂ ያወጣል። አሜሪካዊው ኤዲሶን እንዲህ ላለው የማባዣ ሥራ የባለቤትነት መብት ያወጣው በ1876 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት ስንቱ የዝውውርና የሹመት ደብዳቤ በዚያ መንገድ እንደ ወጣ ባልደረቦቼ ያስታውሱታል፤ የእጅጌያችንም መጥቈር አይረሳም።

የጨዋታው ስቴንስል ጠባዩ ያው ነው። በጠንካራ ወረቀት ወይም በስስ ፕላስቲክ ላይ ቅርጽ ይነደፋል፤ መካከሉ በስለት ተቈርጦ ይወጣል፤ በቀዳዳውም ላይ በስፖንጅ ቀለም ሲመታበት ቅርጹ ከሥር ባለው ወረቀት ላይ ይቀራል። ቀለሙ ጥቂት፤ ስፖንጁም ደረቅ ያለ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ቀለሙ በጠርዙ ሥር ሾልኮ ሥራውን ያበላሻል። በዚህ ሥራ እኔን ያስደነቀኝ ነገር እጅ ቢንቀጠቀጥም ጠርዙ ቀለሙን ከመንገዱ የማያስወጣው መሆኑ ነው። ስፖንጁ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ የሚወጣው መስመር ግን ቀጥ ያለ ነው።

ይህ ጥበብ የትናንት አይደለም። በኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ በምትባለው ደሴት፤ በዋሻ ግድግዳ ላይ እጁን ለጥፎ በዙሪያው ቀለም የረጨ ሰው ነበረ። ሊቃውንት መርምረው የዚያ የእጅ ቅርጽ ዕድሜ ከ39,900 ዓመት እንደማያንስ በ2014 አስታወቁ። የሰውዬው እጅ ራሱ ስቴንስል ሆነ ማለት ነው። ጃፓኖችም ካታጋሚ የሚሉት አላቸው። ከዛፍ ልጥ የተሠራውን ወረቀት ደራርበው ካኪ በሚባለው ፍሬ ጭማቂ ያጣብቁታል፤ እጅግ በረቀቀ ስለት ይቀርጹታል፤ ቅርጹም እንዳይበጣጠስ በመካከሉ የሐር ክር ይዘረጉበታል። በእርሱም ላይ የሩዝ ሙጫ እየመረጉ፤ ሙጫው ያረፈበት ቦታ ቀለም እንዳይጠጣ በማድረግ የኪሞኖ ጨርቅ ሲያቀልሙበት ኖረዋል።

የእኛን ፊደል በስቴንስል መቅረጽ ለሚፈልግ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ለ፤ በ፤ ሰ፤ ገ የመሳሰሉት አፋቸው ክፍት ስለ ሆነ አያስቸግሩም። ወ፤ መ፤ ዐ፤ ቀ ግን ዐይን አላቸው። ዙሪያው ሲቈረጥ ዐይኑ የሚይዘው አጥቶ ይወድቃል፤ ፊደሉም የተደፈነ ክብ ይሆናል። ስለዚህ ዐይኑን ከዙሪያው ጋራ የሚያገናኝ እንደ ድልድይ ያለ ቀጭን ወረቀት ሳይቈረጥ መተው ያስፈልጋል። ይህ ነገር በኋላ ስለሚያገለግለን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘው ግን የጄላቲን ኅትመት ነው። ጄላቲን ማለት ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ፤ ሲቀዘቅዝም እንደ ረጋ ነገር የሚሆን ዱቄት ነው። ለማተሚያ እንጂ ለመብል ባንፈልገውም፤ ስለ ሃይማኖቱ የሚጠነቀቅ ሰው የከብት ብቻ የሆነውን መርጦ ሊገዛ ይችላል። ለእያንዳንዱ ኩባያ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይበቃል። የውሃው ግማሽ ቀዝቃዛ ሆኖ ዱቄቱ ይነሰነስበታል፤ እስኪያብጥም አሥር ደቂቃ ያህል ይቈያል። የቀረው ግማሽ ፈልቶ ይፈስበትና ቀስ ተብሎ ይማሰላል፤ በኃይል የመታው ሰው አረፋ ያበዛበታል። ከዚያ በዝርግ ትሪ ላይ የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ይፈሳል፤ ከላይ የቀረውም አረፋ በወረቀት ጠርዝ ይጠረጋል። በማቀዝቀዣ ውስጥ ካደረ ለሥራ ደረሰ። እንዲህ ያለው ለጥቂት ቀን ብቻ ያገለግላል፤ ከዚያ ይሸታል። ከመድኃኒት ቤት ግሊሰሪን ተገዝቶ የውሃው ግማሽ በእርሱ ቢተካ፤ ጄላቲኑም ወደ አራት ማንኪያ ከፍ ቢል ግን ለወራት ይቈያል፤ ቢቈራረጥም እንደገና ቀልጦ ሊረጋ ይችላል። ወጥ ቤት ያሉትን ሰዎች አስቀድሞ መንገር ይገባል። በቤታችን የመጀመሪያውን ትሪ እንግዳ የመጣለት ጣፋጭ ነው ብላ አንዲት ዘመዳችን በማንኪያ ቈርሳዋለች።

የዚህ ገበታ ታሪክም ለጸሐፊዎች እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ሄክቶግራፍ የሚባል ማባዣ ወጥቶ ነበር፤ ስሙም «መቶ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ልዩ በሆነ ቀለም የተጻፈው ደብዳቤ በጄላቲንና በግሊሰሪን ገበታ ላይ ይለጠፋል፤ ገበታው ቀለሙን ይጠጣል፤ ከዚያም ነጭ ወረቀት በተለጠፈበት ቍጥር ጥቂት ጥቂት እያለ ይመልሳል። መቶ የሚለው ስም ለሻጮቹ ይመቻል እንጂ የመጨረሻዎቹ ቅጂዎች ለማንበብ ያስቸግራሉ። አስተማሪዎች ለፈተና፤ ትንንሽ ማኅበሮችም ለጋዜጣቸው ብዙ ዘመን ሠርተውበታል።

በጨዋታው ጊዜ የሚደረገው እንዲህ ነው። አክሪሊክ የሚባለው ቀለም በጄላቲኑ ላይ በትንሽ ተንከባላይ ጐማ እጅግ ስስ ሆኖ ይዘረጋል። በላዩ ቅጠል፤ ክር፤ የዳንቴል ቍራጭ ወይም ስቴንስል ይጣልበታል። ወረቀት ተለጥፎ በእጅ መዳፍ ይታሻል፤ ሲነሣም ቅጠሉ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው በዚህ ይበቃኛል ብሎ ገበታውን ያጥባል፤ ይህ ስሕተት ነው። ቅጠሉን ቀስ ብሎ አንሥቶ ሁለተኛ ወረቀት ቢለጥፍበት ከቅጠሉ ሥር የቀረው ቀለም ከነሥሩ ከነጅማቱ ይወጣል። እኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛውን እወዳለሁ። የግራዋ ቅጠል በጓሯችን እያለ ሥሩ እንደዚያ የተጠላለፈ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላየሁትም ነበር። ነገር ግን አክሪሊክ ቶሎ ስለሚደርቅ መዘግየት የለም፤ መርፌና ስለትም በገበታው ላይ አይቀመጥም።

ለጨዋ ቤተ ሰብ ይህ ሥራ የሚያሳፍር እንዳልሆነ የሚያስረዳ ምስክር ከፈለጋችሁ፤ የእንግሊዟን እመቤት ሜሪ ዴላኒን እነሆ። እመቤት ዴላኒ በ1700 ከባላባት ወገን ተወለዱ። ገና በ17 ዓመታቸው፤ ዘመዶቻቸው ዕድሜው ወደ 60 ለተጠጋ ባለርስት ያለፈቃዳቸው ዳሩዋቸው፤ በወጣትነታቸውም መበለት ሆኑ። በ1743 አየርላንዳዊውን ካህን ፓትሪክ ዴላኒን በፈቃዳቸው አገቡ፤ እርሳቸውም በ1768 ዐረፉ። ከዚያ በኋላ እመቤት ዴላኒ በወዳጃቸው በፖርትላንድ ዱቼስ ቤት ብዙ ጊዜ ይቀመጡ ነበር። እንደሚባለው፤ አንድ ቀን በገበታ ላይ የነበረ ቀይ ወረቀት አንሥተው የአበባ ቅጠል አስመስለው ቢቈርጡት፤ ዱቼሷ ከእውነተኛው አበባ የወደቀ መሰላቸው። እመቤቲቱ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 70ን አልፎ ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ አሥር ዓመት ያህል ይህንኑ ሠሩ። ወረቀቱን በቀለም እየነከሩ፤ እጅግ በቀጭኑ እየቈረጡ፤ በጥቁር ወረቀት ላይ እየደራረቡ አጣበቁት፤ አንዳንድ ጊዜም እውነተኛ ቅጠል ከወረቀቱ ጋራ ያገቡበት ነበር። የእጽዋት ሊቃውንት ሊያዩት ይመጡ ጀመር። ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ከእጃቸው የወጣ 985 የአበባ ሥዕል ይገኛል። ሥራውን ያቆሙት ዐይናቸው ስለ ደከመ ነው። ዱቼሷ ሲሞቱ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ በዊንድሶር ቤት ሰጧቸው፤ በ1788 እስኪያርፉም በዚያ ይጐበኟቸው ነበር። ሰባ ዓመት ሙሉ የመርፌ ሥራና የቤት ጌጥ የተማረች እጅ ይህነን ትሠራ ዘንድ መቈየቷ ያሳዝናልን ወይስ ደስ ያሰኛል? እኔ በበኩሌ አላውቀውም።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንሪ ማቲስም በ1941 ከባድ የሆድ ኦፐራሲዮን ከተደረገላቸው በኋላ ቆመው መሣል ስላስቸገራቸው፤ ረዳቶቻቸው ቀለም የቀቡትን ወረቀት በአልጋና በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በመቀስ ይቈርጡ ነበር። በ1947 ቴሪያድ የተባለው አሳታሚ ያወጣላቸው «ጃዝ» የተባለው መጽሐፍ 20 ሥዕል አለው፤ ሥዕሎቹም የተባዙት በስቴንስል ነው። በሥዕሎቹ መካከል ያለውን ጽሑፍ ማቲስ በትልልቅ የእጅ ጽሕፈት ራሳቸው ጻፉት። ይህነን ያነበብሁ ቀን መሳቢያዬን ከፍቼ ብዕሬን አየሁት፤ መልሼም ዘጋሁት።

የወጣው ኅትመት ሁሉ የሚሰበሰብበት ደብተር ሲመረጥ ወረቀቱ ወፍራም ይሁን፤ ስስ ወረቀት ርጥበት ሲነካው ይጨማደዳል። የባቡር ትኬት፤ የደብዳቤ ፖስታ፤ ቴምብር፤ የቀን ማስታወሻ፤ ያልተሳካ ኅትመት ሁሉ ይገባበታል። ይልቁንም ያልተሳካው። አዲስ ደብተር የተገዛለት ልጅ የመጀመሪያውን ገጽ እንዳያበላሽ ፈርቶ ባዶውን ሲያስቀምጠው አይተናል፤ ስለዚህ እኛ ቤት የመጀመሪያው ገጽ አስቀድሞ በስፖንጅ ይበላሻል።

በታላላቅ ቤቶች ግን አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን። የአያት የቅድመ አያት ደብዳቤ፤ የብራና ቅጠል፤ የቀድሞ ፎቶግራፍ ከነራሱ ወደ ሙጫና ወደ ቀለም አይግባ፤ ቅጂው ይግባ። ይህነን የምለው ስለ ተቀጣሁ ነው። አባቴ ከጠቅላይ ግዛት ለእናቴ የጻፏት አንዲት ደብዳቤ ነበረች። ለልጅቱ ደብተር ታምራለች ብዬ ሙጫ ቀብቼ ለጠፍኋት። የቀድሞ ቀለም ውሃ አይችልምና፤ ሰላምታዋ ብቻ ቀርታ ሌላው ሁሉ ሰማያዊ ጉም ሆነ። ልጅቱ ዐይኔን አይታ ምንም አልተናገረችም። ቃሏን በልቤ ስለማውቃት በሌላ ወረቀት ልጽፋት ተቀመጥሁ፤ አራት መስመርም ሳልደርስ እጄ እንቢ አለኝ።

በሚመጣው ቅዳሜ ልጅቱ ስቴንስል ቈርጣ መጣች። የአባቴን ስም አይደለም የቀረጸችው፤ የደብዳቤዋን የመጨረሻ ቃል፤ «ወዳጅሽ» የሚለውን ነው። ወረቀቱን እርስዋ ያዘችልኝ፤ ስፖንጁን እኔ መታሁ። ለ«ወ» ድልድይ መተው ረስታ ኖሮ ዐይኖቹ ወድቀዋል፤ ፊደሉ ድፍን ጥቁር ሆኖ ወጣ። «አባባ፤ ሌላ ልቍረጥ?» አለችኝ። አይሆንም አልኋት፤ ሰማያዊው ጉም ካለበት ገጽ ትይዩ አጣበቅነው፤ ቀኑንም በብዕሬ እንደ ሆነልኝ አድርጌ ከሥሩ ጻፍሁበት።