ባስልኤል ዶርዜ ቢወርድ
ዶርዜ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ብመራ ከሮሜ መልእክት አልጀምርም፤ ከኦሪት ዘጸአት 35 እንጂ። እዚያ የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ባስልኤል የእጅ ባለሙያ ነው፤ ጥበብ ከተሰጣቸው ባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ ሸማኔም አለ። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ወንዱ በሚሸምንበትና ሴቷ በምትፈትልበት ደጋ፣ ይህ ምዕራፍ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። (የሸማኔን ጥበብ ለብሶ ሸማኔውን ሲንቅ የኖረው ከተሜ ግን ደጋግሞ ቢያነበው አይከፋም።) ጥናታችን አብዛኛውን ጊዜ ጥቅስ በቃል በመያዝ ያበቃል። ድርና ማጉን ይዞ ለጥለቱ ያልተሞከረ ቀለም የሚፈልግ ወጣት ግን፣ ለእኔ፣ ገና ጥናቱ ላይ ነው። ጳውሎስስ በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ አይደል ያስተማረው? እስቲ የጥናት ቡድኖቻችን አንዳንድ ቀን አዳራሹን ትተው ከሽመናው ዕቃ አጠገብ ይሰብሰቡ፤ ፈታዮቹም እንዝርታቸውን ይዘው ይምጡ።